የወደዱትን የቆየ ፊልም አዳራሽ ተከራይቶ በትልቅ ስክሪን ለማየት፦ ዝርዝር መመሪያ

በልጅነታቸው ያዩትን ፊልም እንደገና በሲኒማ ስክሪን ለማየት አዳራሽ የሚከራዩ የጓደኛ ስብስቦችና ማኅበራት ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚወድቁትም በአንድ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ቀን ይቆርጣሉ፣ ቀጥለው አዳራሽ ይይዛሉ፣ ከዚያም ሰው ይጠራሉ፤ ፊልሙን ማፈላለግ የሚጀምሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማሳያው አሥር ቀን ሲቀረው ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል በፍላሽ ይመጣል፣ በማሳያው ምሽት ፊቱ የተለጠጠ ተዋናይ ይታያል፣ ገንዘቡ የተመለሰለት ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፦ ቅጂ፣ ፈቃድ፣ አዳራሽ፣ ሙከራ፣ በመጨረሻ ጥሪ። ለሁሉም ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ይመድቡ።

ማዘጋጀቱ የማይሆንልዎትና በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ አስቀድመው የአካባቢዎን ሲኒማ ፕሮግራም ይመልከቱ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው ኤኤፍአይ ሲልቨር፣ የለንደኑ ቢኤፍአይ ሳውዝባንክ እንዲሁም የኢየሩሳሌምና የቴል አቪቭ ሲኒማቴኮች የቆዩ ፊልሞችን በመደበኛነት ያሳያሉ። ለእርስዎ የሚቀረው ትኬት መቁረጥና ወንበር መምረጥ ብቻ ነው፤ ስለ ወንበሩ በደረጃ 3 ያገኛሉ።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ቅጂ እንደሚፈልጉ ይወስኑ

ፊልሙን ማወቅ ቅጂውን ማወቅ አይደለም። የህንዱን ሾሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1975 ለሕዝብ የቀረበው ቅጂ የሳንሱር ቦርድ በጠየቀው መሠረት መጨረሻው የተለወጠ ሲሆን፣ በ2025 ለዕይታ የበቃው የታደሰ ቅጂ ግን ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የቀረጸውን መጨረሻ መልሶ ይዟል። ወንበዴው ጋባር ሲንግ በፖሊስ ተይዞ ሲሄድ አይተው ያደጉ ተመልካቾችን ጠርተው ሌላውን መጨረሻ ካሳዩ ቅሬታ ሊመጣ ይችላል፤ አስቀድመው ከነገሯቸው ግን ለመምጣት ተጨማሪ ምክንያት ይሆናቸዋል።

1. በአንድ ገጽ ላይ እነዚህን ይጻፉ፦ የፊልሙን ርእስ በመጀመሪያ ቋንቋው፣ የዳይሬክተሩን ስም፣ የወጣበትን ዓመት፣ ርዝመቱን በደቂቃ፣ ቀለም ወይም ጥቁርና ነጭ መሆኑን፣ የንግግሩን ቋንቋና የሚፈልጉትን የትርጉም ጽሑፍ። ከዚህ በኋላ በሚጽፉት ደብዳቤ ሁሉ ይህ ገጽ ይሄዳል።

2. የምስሉን ስፋትና ከፍታ ምጥጥን ይጨምሩ። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩ ፊልሞች በአብዛኛው ስፋቱና ከፍታው የተቀራረበ፣ 1.37 ለ 1 የሆነ ምስል አላቸው። ከዚያ ወዲህ 1.85 እና 2.39 ተለመዱ፤ በ70 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የፊልም ጥቅል የወጡት ደግሞ 2.20 ናቸው። ዓመቱ ብቻውን ግን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የኃይሌ ገሪማ ምርት ሦስት ሺህ ዓመት በ16 ሚሊሜትር ስለተቀረጸ ምስሉ ጠባብ ነው፤ ዓመቱን ብቻ አይቶ «ሰፊ ይሆናል» ብሎ የሚያስብ ኦፕሬተር (የማሳያ ማሽኑ ሠራተኛ) ያበላሸዋል።

3. ርዝመቱን ያነጻጽሩ። ሁለት ቅጂዎች በደቂቃ ከተለያዩ የግድ ከአንዱ ትዕይንት ተቆርጧል ማለት አይደለም። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ሲያልፍ የአውሮፓ ቴሌቪዥን ስርዓት 25 ስለሚያሳልፍ፣ የ100 ደቂቃ ፊልም በአንዳንድ ዲቪዲ ላይ 96 ደቂቃ ይሆናል፤ የሰዎቹም ድምፅ በትንሹ ይቀጥናል። ልዩነቱ 4 በመቶ ገደማ ከሆነ ፊልሙ ሙሉ ነው። ከዚያ ከበለጠ የትኛው ትዕይንት እንደጎደለ ይፈልጉ።

ደረጃ 2፦ ፈቃዱንና ቅጂውን ለየብቻ ይጠይቁ

ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ከተለያየ በር ይመጣሉ። የፊልም ቤተ መዛግብት ቅጂ ቢያውስዎትም ለሕዝብ የማሳየት መብት ሊሰጥዎ አይችልም፤ የመብቱ ባለቤት ደግሞ ፈቃዱን ሰጥቶ «ቅጂ የለኝም» ሊል ይችላል። ከሱቅ ገዝተው ያመጡት የብሉሬይ ዲስክም ለቤት ዕይታ የተሸጠ ነው። ትኬት ባይሸጡና መግቢያው ነጻ ቢሆንም በአዳራሽ ለተሰበሰበ ሕዝብ ማሳየት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

1. ባለመብቱን ከፊልሙ መጨረሻ ጽሑፍ ይልቅ በአዲሱ የታደሰ ቅጂ መጀመሪያ ላይ ከሚታየው ጽሑፍ ይፈልጉ። የድሮዎቹ ኩባንያዎች መብታቸውን ደጋግመው ስለሸጡ በ1960ዎቹ የተጻፈው ስም ዛሬ ላይኖር ይችላል።

2. የመጀመሪያው ደብዳቤ አጭርና የተሟላ ይሁን። የደረጃ 1ን ገጽ ያያይዙ፤ ከተማውን፣ የአዳራሹን የወንበር ብዛት፣ የሚታይበትን ጊዜ ብዛት፣ ትኬት የሚሸጥ መሆን አለመሆኑንና ዋጋውን፣ በምን ዓይነት ቅጂ ማሳየት እንደሚፈልጉ ይግለጹ። አንድ ቀን ብቻ ከማስቀመጥ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ቀኖችን ይስጡ። «የባህል ዝግጅት ስለሆነ ትብብራችሁን እንጠይቃለን» የሚል ረጅም መግቢያ መልሱን ከማዘግየት በቀር የሚጨምረው የለም።

3. ክፍያው ቁርጥ ይሁን ወይስ ከትኬት ገቢው ድርሻ እንደሆነ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ተመልካች ይብዛ ይነስ በማያውቁበት ጊዜ ከገቢው ድርሻ መክፈል ይሻላል። ክፍያ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ በባንክ በኩል የሚወስደው ጊዜ ከደብዳቤው በላይ ሊረዝም ስለሚችል ደረሰኝና ውል እንደተቀበሉ በዚያው ሳምንት ያስጀምሩ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ያስታውሱ፤ ከዚያም ፊልሙን በቅርቡ ያሳየ ፌስቲቫል ካለ ፈቃዱን ከማን እንዳገኘ ይጠይቁ። የፕሮግራም አዘጋጆች እርስ በርስ መረጃ አይነፋፈጉም። ያም ካልሠራ ሌላ ፊልም ይምረጡ።

ደረጃ 3፦ አዳራሹን በጥያቄ ይፈትኑ

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሳይሆን ከኦፕሬተሩ ጋር ይነጋገሩ። ሥራ አስኪያጁ «ሁሉንም እናጫውታለን» ይላል፤ ማሽኑ ምን እንደሚያጫውት የሚያውቀው ኦፕሬተሩ ነው።

*ሲኒማ ቤት ከሆነ*

ዲሲፒ ያጫውት እንደሆነ ይጠይቁ። ዲሲፒ ሲኒማ ቤቶች በዲጂታል የሚያሳዩት የፊልም ጥቅል ሲሆን በተለምዶ በሃርድ ዲስክ ይላካል። ዲስኩ ብዙውን ጊዜ ለሊኑክስ ስርዓት የተዘጋጀ ስለሆነ በቤትዎ ላፕቶፕ ላይ ሰክተው ባዶ መስሎ ቢታይዎ አይደንግጡ፤ «ይስተካከል» ብሎ ለሚጠይቅዎ መልእክትም እሺ አይበሉ፤ እሺ ካሉ ፊልሙ ይጠፋል። የማጫወቻውን ሞዴልና መለያ ቁጥር ይመዝግቡ፤ በደረጃ 4 ያስፈልግዎታል። በ35 ሚሊሜትር ማየት ከፈለጉ ደግሞ የሁለት ሰዓት ፊልም እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ገደማ የሚሄዱ ስድስት ጥቅልሎች መሆናቸውን፣ ብዙ ቤተ መዛግብትም ጥቅልሎቹ ተቀጣጥለው እንዲጫወቱ ስለማይፈቅዱ በየተራ የሚሠሩ ሁለት ፕሮጀክተሮችና ልምድ ያለው ሰው እንደሚጠይቁ ይወቁ። ይህ ከሌለ ነገሩን እዚህ ላይ ይተዉት።

*የስብሰባ አዳራሽ ከሆነ*

የፕሮጀክተሩን ብርሃን በሉመን ይጠይቁ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.25 ሜትር ለሆነ ስክሪን በስሌት 1,400 ሉመን ገደማ የሲኒማ መስፈርቱን ያሟላል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ከእውነቱ ከፍ ያለ ነው፤ አምፖሉም በአገልግሎት ብዛት ይደክማል፤ ስለዚህ ከ3,000 በታች አይቀበሉ። ቀጥሎ በቀን ብርሃን ይሂዱና መጋረጃዎቹን ዘግተው መሐል ላይ ይቁሙ። የእጅዎን መዳፍ መስመር ማየት ከቻሉ ጥቁርና ነጭ ፊልም በዚያ ክፍል ውስጥ ግራጫ ይሆናል፤ ወይ ጥቁር ጨርቅ ያዘጋጁ፣ ወይ ከመሸ በኋላ ያሳዩ።

*ወንበርና መብራት*

ጥሩው መቀመጫ የስክሪኑን ስፋት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ርቆ መሐል ላይ ያለው ነው፤ ስክሪኑ 10 ሜትር ከሆነ 15 ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ከስፋቱ ሁለት እጥፍ በላይ ርቀው የሚቀመጡ ሰዎች ትልቅ ቴሌቪዥን እንጂ ሲኒማ አላዩም። ስለዚህ አዳራሹ ሰፊ ሆኖ ሸራው ትንሽ ከሆነ የኋላ ረድፎችን በገመድ ይዝጉና ትኬት አይሽጡባቸው።

ጀነሬተር መኖሩን መጠየቅ ብቻውን ዋጋ የለውም። ጀነሬተሩ በምን ያህል ጊዜ እንደሚነሳና በመሐሉ የፊልም ማጫወቻውን የሚይዝ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) እንዳለ ይጠይቁ። መብራቱ ለአሥር ሰከንድ ብቻ ቢጠፋ እንኳ ማጫወቻው እንደገና ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ደግሞ ሳይቀዘቅዝ አይበራም። ዩፒኤስ ከሌለ ተከራይተው ማጫወቻውንና የድምፅ መቆጣጠሪያውን በእሱ ላይ ያሰኩ።

ቀኑን ሲመርጡ የእግር ኳስ ፕሮግራሙንም ያስታውሱ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ምሽት ትልቅ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ካለ የግማሹን ሰው ወንበር ባዶ ሆኖ ያዩታል።

ደረጃ 4፦ የዲጂታል ቁልፉን ሰዓት ያስተካክሉ

የተቆለፈ ዲሲፒ ያለ ቁልፍ አይጫወትም። ኬዲኤም የሚባለው ይህ ቁልፍ በኢሜይል የሚላክ ትንሽ ፋይል ሲሆን፣ ለአንድ ማጫወቻ ብቻና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይሠራል። አዳራሹ በመሐል ማጫወቻውን ከቀየረ ወይም ወደ ሌላኛው ክፍል ካዛወርዎ ቁልፉ ከንቱ ነው። በመጀመሪያ ያልተቆለፈ ቅጂ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ ለቆዩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

የተቆለፈ ከሆነ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ፈጽሞ አይጻፉ። «ቅዳሜ 12 ሰዓት» ብለው ከጻፉ ላኪው እኩለ ቀን ብሎ ይረዳዋል። 18:00 ብለው ጽፈው የአዲስ አበባ ሰዓት መሆኑን ካልገለጹም በዓለም አቀፉ ሰዓት ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ያኔ ቁልፉ የሚከፈተው በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ አዳራሽ ሞልቶ የተቀመጠ ሕዝብ ደግሞ ቁልፍ እስኪከፈት አይጠብቅም። ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወሩን በስም፣ ሰዓቱን በ24 አቆጣጠር ጽፈው «የአዲስ አበባ ሰዓት፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሦስት ሰዓት የሚቀድም» የሚለውን ይጨምሩ። ቁልፉ ከማሳያው አንድ ቀን በፊት ጠዋት ተከፍቶ ከማሳያው በማግሥቱ እንዲዘጋ ይጠይቁ፤ ያለዚያ ሙከራ ማድረግ አይችሉም።

ደረጃ 5፦ በአዳራሹ ውስጥ ይሞክሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው የቀረውን ባያነብ ይሻለዋል። ሙከራው የሚደረገው በሚታይበት አዳራሽ፣ በሚታየው ቅጂ፣ በዚያው ኦፕሬተር ነው፤ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት። ዲሲፒ ወደ ማጫወቻው ለመገልበጥ ብቻ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ዲስኩን ቀደም ብለው ያስረክቡ።

1. ክብ ነገር ይፈልጉ። ፊልሙን ጎማ፣ ጨረቃ ወይም ሰዓት ወደሚታይበት ቦታ ያስኪዱ። በሾሌ ከሆነ የጋሪ ነጂዋ የባሳንቲ ጋሪ ጎማ ይበቃል። ጎማው እንቁላል ከመሰለ ምስሉ ተለጥጧል። ከዓመታት በፊት አንድ አዳራሽ ተከራይቼ ይህን ሳልፈትሽ ቀረሁ፤ ኦፕሬተሩ ጠባቡን ምስል «ሸራው እንዳይባክን» ብሎ ዳር እስከ ዳር ዘርግቶት ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ለልጃቸው «ይሄ ሰውዬ እንዲህ ወፍራም ነበር እንዴ?» ሲሉ ነው የነቃሁት፤ አርባ ደቂቃ አልፏል። ጠባብ ፊልም በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይኖረዋል፤ ሊኖረውም ይገባል። 2.20 የሆነውም በየትኛውም የዲጂታል ሲኒማ ቅርጽ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥም ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ይታያል። ይህን ለኦፕሬተሩ በቃል ብቻ አይንገሩ፤ በወረቀት ጽፈው ማሽኑ ላይ ይለጥፉ።

2. የትርጉም ጽሑፉን ሁለት መስመር በሆነበት ቦታ ይመልከቱ። አንድ መስመር ብቻ ካዩ ታችኛው መቆረጡን አያውቁም። የአማርኛ ጽሑፍ በራስዎ አዘጋጅተው ከፋይል ጋር የሚያጫውቱ ከሆነ በዩቲኤፍ-8 (የግዕዝ ፊደልን በሚይዝ የጽሑፍ አቀማመጥ) መቀመጡንና ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል እንዳለው ያረጋግጡ፤ ከሌለው በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። በአንድ መስመር ከ30 ፊደል ባይበልጥ ጥሩ ነው።

3. ድምፁን ከዳር ወንበር ይስሙ። ብዙ የቆዩ ፊልሞች በአንድ መስመር ድምፅ የተሠሩ ስለሆኑ ድምፁ ከስክሪኑ መሐል እንዲወጣ ኦፕሬተሩን ይጠይቁ። ድምፁ ከጀርባዎ የሚመጣ ከሆነ ማሽኑ በራሱ እየበተነው ነው፤ ያንን ያስጠፉ። ከዚያ የሹክሹክታ ትዕይንት ፈልገው መጠኑን ያስተካክሉ። ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፤ የሞላ አዳራሽ ድምፅ ይውጣል፤ ስለዚህ ለሙከራው ከበቃዎት ትንሽ ከፍ አድርገው ቁጥሩን ይጻፉ።

4. የእንቅስቃሴውን ፍሰት ይመልከቱ። በላፕቶፕ ወይም በብሉሬይ የሚያጫውቱ ከሆነ መውጫውን በሰከንድ 24 ላይ ያድርጉት። ካሜራው በዝግታ ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ እየተንገጫገጨ ከሄደ አልተስተካከለም። ሰዎቹ የቴሌቪዥን ድራማ ተዋናይ እስኪመስሉ ድረስ ምስሉ ከልክ በላይ ከለሰለሰ ደግሞ «እንቅስቃሴ ማለስለሻ» የሚባለውን ያጥፉ።

5. የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ያጫውቱ። የተበላሸ ፋይል ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው።

ጥሪ የሚያስተላልፉት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ቢባል ጊዜ አይበቃም፤ ነገር ግን ቢያንስ ፈቃዱ በጽሑፍ እስኪገባና ቅጂው በእጅዎ እስኪሆን ድረስ ትኬት አይሽጡ።

ደረጃ 6፦ የማሳያው ምሽት

በሩ ከመከፈቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ የሙከራውን ጎማ እንደገና ይመልከቱ። በማግሥቱ ሌላ ኦፕሬተር ተረኛ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉና።

የረጅም ፊልሞችን ጠባይ ለተመልካቹ አስቀድመው ይንገሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ የሚጀምረው ለአራት ደቂቃ ያህል ምስል በሌለበት ሙዚቃ ነው፤ ያልተነገረው ተመልካች ያፏጫል፤ የደነገጠ ኦፕሬተርም ወደ ፊት ያስኬደዋል። ሾሌ ከ3 ሰዓት በላይ ስለሚሄድ ፊልሙ ራሱ ባስቀመጠው ቦታ እረፍት ይስጡ እንጂ ሻይ ስለፈላ ብቻ በመሐል አይቁረጡ። እረፍቱ 15 ደቂቃ ከተባለ በ12ኛው ደቂቃ መብራቱን አንድ ጊዜ አጥፍተው ያብሩ፤ ከሻይ ቤቱ ሰው የሚመልሰው ይህ ነው።

ንግግር የሚያደርግ እንግዳ ካለ ከፊልሙ በፊት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥ። አንድ ሰው ከኋላ ረድፍ ያስቀምጡ፤ ሥራው ድምፅና ምስል መከታተል ብቻ ይሁን፤ የኦፕሬተሩም ስልክ ቁጥር ይኑረው። ያ ሰው እርስዎ መሆን የለብዎትም፤ እርስዎን በር ላይ የሚጠይቅዎ ሰው አይጠፋም።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*መብራት ከጠፋ፦* የአዳራሹ መብራት እንዲበራ ያድርጉና ለተመልካቹ «አሥር ደቂቃ» ይበሉ፤ «አሁን ይመጣል» አይበሉ። ፕሮጀክተሩ እስኪቀዘቅዝ አያጣድፉ። ፊልሙ ሲቀጥል ከቆመበት ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ መልሰው ያስጀምሩ።

*ቁልፉ አልቀበል ካለ፦* መጀመሪያ የማጫወቻውን ሰዓትና ቀን ያስፈትሹ፤ ቀጥሎ በቁልፉ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ከማሽኑ ጋር መመሳሰሉን። ካልተመሳሰለ ላኪው አዲስ ቁልፍ በደቂቃዎች ውስጥ መላክ ይችላል፤ ለዚህ ነው የላኪውን የአስቸኳይ ስልክ አስቀድመው መያዝ ያለብዎት።

*ከንፈርና ድምፅ ካልገጠሙ፦* ፊልሙን አቁመው እንደገና ያስጀምሩት። ካልተስተካከለ ኦፕሬተሩ ድምፁን በሚሊሰከንድ ማዘግየት ይችላል፤ ድምፁ ከምስሉ የሚዘገይ ከሆነ ግን ይህ አይረዳም፤ ወደ መጠባበቂያው ቅጂ ይዙሩ።

*መጠባበቂያው፦* በውሉ ላይ ብሉሬይ ወይም ፋይል በመጠባበቂያነት እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ አንድ መስመር ያስገቡ። ዲስኩን ከዚያው አዳራሽ ማጫወቻ ጋር ይሞክሩት፤ ከአሜሪካ የመጣ ብሉሬይ በአውሮፓ ወይም በአፍሪካ ክልል በተዘጋጀ ማጫወቻ ላይ ላይነሳ ይችላል።

*ምንም ካልሠራ፦* ከ30 ደቂቃ በላይ አያቆዩ። የትኬቱን ገንዘብ በዚያው ምሽት በር ላይ ይመልሱ፤ ለዚህ የሚበቃ ዝርዝር ብር ይያዙ፤ በሞባይል ለከፈሉት ደግሞ ስልካቸውን ይመዝግቡ።

ደረጃ 7፦ ከማሳያው በኋላ

የተሸጠውን የትኬት ቁጥር በዚያው ሌሊት ይቁጠሩና በሳምንቱ ውስጥ ለባለመብቱ ሪፖርትና ቀሪ ክፍያ ይላኩ። ፊልሙ ከአዳራሹ ማጫወቻ መሰረዙን በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ፤ ውሉ ላይ የፈረሙት እርስዎ እንጂ አዳራሹ አይደለም። ሃርድ ዲስኩን በመጣበት መያዣ፣ ከነገመዱ መልሰው ደረሰኙን ያስቀምጡ። በሙከራው ጊዜ የጻፉትን የድምፅ ቁጥርና የምስል ቅርጽ ከአዳራሹና ከኦፕሬተሩ ስም ጋር በአንድ ደብተር ላይ ያስፍሩ፤ ቀጣዩን ፊልም በዚያው አዳራሽ ሲያሳዩ የሙከራው ጊዜ በግማሽ ያጥርልዎታል።